ከጨለማ ክፍል ወደ መማሪያ ክፍል፦ ፎቶግራፍን መማር በደቡብ አፍሪካ ታሪክ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ፎቶግራፍ ለማጥናት ኮሌጅ የሚገባ ወጣት ከዚያ የሚያገኘው ምንድን ነው? ብርሃን መለካትን፣ ፊልም ማጠብን፣ ዛሬ ደግሞ ምስልን በኮምፒዩተር ማስተካከልን ከባለሙያ ጎን ተቀምጦ በጥቂት ወራት መልመድ ይቻላል። ወላጆች «ካሜራ ገዝተህ ለምን አትሠራም? ይህን ሁሉ ዓመት መማር ምን ይፈይድልሃል?» ብለው ሲጠይቁ ጥያቄያቸው መሠረት አለው። የታሪክ መምህር እንደመሆኔ መልሱን ከታሪክ ለማቅረብ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

መልሱን የምፈልገው በደቡብ አፍሪካ ነው። በእጃችን ያለን ነገር ዋጋ ለይቶ ማወቅ ይከብዳል፤ የተከለከለ ሰው ግን የጎደለውን በስሙ ይጠራዋል። በዚያች አገር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል ጥቁር ወጣቶች ካሜራ ይዘው የሚማሩበትን በር ሕግ ዘግቶባቸዋል። እነርሱም በየዘመኑ ምትክ ፈጠሩ፦ በመጀመሪያ የመጽሔት ጨለማ ክፍልን፣ ቀጥሎ በፖስታ የሚመጣ ትምህርትን፣ ከዚያ የባለሙያዎች ኅብረትን፣ በመጨረሻም ዎርክሾፕን። እያንዳንዱ ምትክ ምን እንደሰጠና ምን እንዳጎደለ ስንመረምር ትምህርት ቤት ራሱ ምን እንደሆነ ይገለጥልናል።

የምከራከርበትን ነጥብ በአጭሩ ላስቀምጥ። የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ሦስት ነገሮችን ይሰጣል። አንደኛው ሥራን አይቶ እውነቱን የሚናገር መምህር ነው፤ ሁለተኛው ከገበያ ትእዛዝ የተጠበቀ ጊዜ ነው፤ ሦስተኛው የሠሪውን ሥራ ከሠሪው በኋላ የሚያቆይ ቤት ነው። ከሦስቱ አዘውትሮ የሚዘነጋው ሦስተኛው ነው። እጅግ ውድ ዋጋ የሚያስከፍለውም የእርሱ መጉደል መሆኑን የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ያሳየናል።

በቅድሚያ ሕጎቹን እንመልከት። ናሽናል ፓርቲ በ1948 ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ እያንዳንዱን ዜጋ በዘር መድቦ መዘገበው። በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ደግሞ የጥቁሮችን ትምህርት ከሚሲዮን ትምህርት ቤቶች እጅ አውጥቶ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አደረገው። በወቅቱ የአገሬው ተወላጆች ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኸንድሪክ ፈርቩርት ዓላማውን አልደበቀም፤ ጥቁሩ ሕፃን መማር ያለበት አገዛዙ ለሚፈቅድለት የጉልበት ሥራ የሚበቃውን ያህል እንደሆነ በይፋ ተከራክሯል። በ1959 የወጣው ሌላ ሕግ ቀደም ሲል ጥቁር ተማሪዎችን ይቀበሉ የነበሩት እንደ ኬፕታውንና ዊትዋተርስራንድ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ሚኒስትር ፈቃድ እንዳይቀበሏቸው ከለከለ። እንግዲህ በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ ፎቶግራፍ ልማር ቢል ወዴት ይሄድ ነበር?

የመጀመሪያው መልስ በጆሃንስበርግ የነበረው የ«ድራም» መጽሔት ጨለማ ክፍል ነበር። «ድራም» በ1951 ተመሥርቶ ለጥቁር የከተማ አንባቢ የሚታተም መጽሔት ነው። የፎቶግራፍ ክፍሉን የሚመራው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው፣ ከበርሊን የመጣው ዩርገን ሻደበርግ ነበር። ቦብ ጎሳኒ፣ ፒተር ማጉባኔና ሌሎችም ሙያቸውን ያዳበሩት በዚሁ ቤት ነው። ማጉባኔ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲቀጠር ሾፌርና ተላላኪ ነበር፤ ቀጥሎ በጨለማው ክፍል ረዳት ሆነ፤ ከዚያ ካሜራ ተሰጠው። የመማሪያ መጽሐፍ፣ ፈተናም ሆነ የምስክር ወረቀት አልነበረም። የሰውየው ፈተና የመጽሔቱ ገጽ ነበር፤ ፎቶው ታትሞ ከወጣ አለፈ፣ ካልወጣ ወደቀ።

ይህ ትምህርት ቤት ያፈራውን ማሳነስ አይገባም። በ1954 ጎሳኒ ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሆኖ በጆሃንስበርግ እስር ቤት ግቢ እስረኞች ልብሳቸውን አውልቀው በሚያዋርድ ሁኔታ ሲፈተሹ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አነሣ። የሥራ ባልደረባው ጋዜጠኛው ሄንሪ ንኹማሎ ሆን ብሎ ታስሮ የእስር ቤቱን ኑሮ ከውስጥ ሲጽፍ፣ ጎሳኒ ደግሞ ከውጭ ማስረጃውን ያዘ። ማጉባኔ ፎቶ ማንሣት በተከለከለበት ስፍራ ካሜራውን በተቦረቦረ ዳቦ ውስጥ ደብቆ ሠርቷል። በ1969 ከታሰረ በኋላም 586 ቀናት ለብቻው ተዘግቶበት አሳልፏል። ሥራውን አይቶ የሚተች አለቃ የነበረው ለማጅ ምን ያህል ሊያድግ እንደሚችል የ«ድራም» ጨለማ ክፍል አስመስክሯል።

ነገር ግን ጨለማው ክፍል የሰጠው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው። ጊዜው የመጽሔቱ ነበር። ፎቶ አንሺው የዛሬውን ዜና ለነገ እትም ማድረስ ስላለበት አንድን ጉዳይ ለዓመታት የመከታተል ነፃነት አልነበረውም። እንዲያውም ብዙዎቹ ፎቶዎች የተነሡት ለአንድ እትም ነበር፤ ከዚያ በኋላ የኔጋቲቩ ዕጣ በአሳታሚው ፈቃድ ላይ ያረፈ ነው። ይህን ወሰን ጥሶ ለመውጣት የሞከረውና ጥረቱ የንግግሬ ማዕከል የሚሆነው ሰው ኧርነስት ኮል ነው።

ኮል በ1940 በፕሪቶሪያ አቅራቢያ በኢርስተረስት ተወለደ። የቤተሰቡ ስም ኮሌ ነበር። የባንቱ ትምህርት ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ለአገልጋይነት የተዘጋጀውን ትምህርት አልቀበልም ብሎ ትምህርት ቤቱን ትቶ ወጣ። ይህን ነጥብ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። እኛ «ትምህርት ቤት ከለቀቀ በኋላ ኮሌጅ ገባ» ስንል በተፈጥሮ የሚከተል ቅደም ተከተል አድርገን እንወስደዋለን። ለኮል ግን ትምህርት ቤት መልቀቅ ራሱ ተቃውሞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚገባበት ኮሌጅም በአገሩ አልነበረውም። በ1958 በ«ድራም» የሻደበርግ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በዚያው ዘመን በኒው ዮርክ የፎቶግራፍ ኢንስቲትዩት በፖስታ ለሚሰጠው የርቀት ትምህርት ተመዘገበ። ይህ ተቋም በ1910 የተመሠረተ ሲሆን ትምህርቱን በጥራዝ እያዘጋጀ በፖስታ ይልክ ነበር።

እስኪ ነገሩን በዓይነ ኅሊናችን እንመርምረው። አንድ የፕሪቶሪያ ወጣት በከተማው መሐል ያለ ይለፍ ደብተር መንቀሳቀስ አይችልም፤ በነጮች ኮሌጅ ደጃፍ ማለፍ እንጂ መግባት አይፈቀድለትም። ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣው ፖስታ ግን የቆዳውን ቀለም አይጠይቀውም። የርቀት ትምህርት በብዙዎች ዘንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተደርጎ ይቆጠራል። ለኮል ግን በዘር ያልተመደበ ብቸኛው የመማሪያ ክፍል ነበር። ከዚህም ሌላ የፈረንሳዊውን የኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶንን ስለ ሞስኮ ሕዝብ የተዘጋጀ የፎቶግራፍ መጽሐፍ አይቶ፣ ፎቶግራፎች ተያይዘው እንደ ድርሰት አንድ ሐሳብ ሊገልጹ እንደሚችሉ ተረዳ። ከዚያ ወዲህ ዓላማው ነጠላ ፎቶ መሸጥ መሆኑ ቀርቶ ስለ አፓርታይድ የተሟላ መጽሐፍ ማዘጋጀት ሆነ።

ይህን ለማድረግ ጊዜ ያስፈልገው ነበር፤ ጊዜውንም ራሱ ፈጠረው። ከተቀጣሪነት ወጥቶ በግሉ እየሠራ ለበርካታ ዓመታት ባቡሮችን፣ ሆስፒታሎችን፣ የማዕድን ሠራተኞችን ሰፈር፣ የቤት ሠራተኞችን ኑሮና መማሪያ ክፍሎችን አነሣ። በማዕድን ቦታዎች ካሜራውን በምሳ ከረጢት ውስጥ ከምግቡ ሥር ደብቆ ያስገባ ነበር። የስሙን አጻጻፍ ከኮሌ ወደ ኮል ለውጦ «ክልስ» ተብሎ እንዲመዘገብ በማድረጉም ለጥቁሮች የተከለከለ የመንቀሳቀስ ነፃነትና በኋላም ፓስፖርት ለማግኘት ቻለ። በ1966 አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በ1967 «የባርነት ቤት» የተባለው መጽሐፉ በኒው ዮርክ ታተመ። በደቡብ አፍሪካ ወዲያውኑ ታገደ።

መጽሐፉ ለትምህርት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል፤ ርእሱም ትምህርቱ ለአገልጋይነት የተሰናዳ መሆኑን የሚገልጽ ነው። በዚያ ምዕራፍ ካሉት ምስሎች አንዱን ላስታውሳችሁ። ወንበር በሌለበት በተጨናነቀ ክፍል አንድ ልጅ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ላብ አጥምቆት ወደ መምህሩ አቅጣጫ በጉጉት ይመለከታል። ፎቶው ስለ ድህነት ብቻ የሚናገር ቢሆን ኖሮ ለልጁ ከማዘን ያለፈ ነገር አይጠይቀንም ነበር። የልጁ ዓይን ግን ሌላ ነገር ይናገራል፦ ሕጉ ሊያጠፋው የፈለገው የመማር ረሃብ እንዳልጠፋ። ይህን ያየው ካሜራ የተያዘው በዚያው ሕግ ምክንያት ትምህርቱን ባቋረጠ ወጣት እጅ ነው። ስለዚህ ምስሉን የአንድ ትውልድ የጋራ ምስክርነት አድርጌ አነበዋለሁ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ታሪክ ይመስላል። አንዳንድ ጊዜ ተማሪዎቼ «ያለ ኮሌጅ ይህን ከሠራ ኮሌጅ ለምን ያስፈልጋል?» ሲሉ እሰማለሁ። የሕይወቱን ሁለተኛ ክፍል ግን አብረን ማንበብ አለብን። ኮል በስደት ሳለ ከፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ አግኝቶ በአሜሪካ ደቡብና በታላላቅ ከተሞች የጥቁሮችን ኑሮ አነሣ። ያ ሥራ በሕይወቱ ሳለ መጽሐፍ ሆኖ አልወጣም። በ1970ዎቹ ፎቶግራፍ ማንሣቱን አቆመ፤ መኖሪያ አጥቶ የተንከራተተበትም ጊዜ ነበር። ኔጋቲቮቹ ከእጁ ወጡ። በየካቲት 1990 ኔልሰን ማንዴላ ከእስር በተፈቱ በሳምንቱ ገደማ በኒው ዮርክ በካንሰር ሞተ። ዕድሜው 49 ነበር። ወደ 60,000 የሚጠጉ ኔጋቲቮችና ሌሎች ሥራዎቹ በ1917 ሳይሆን ከኛ ዘመን በ2017 በስቶክሆልም በአንድ ባንክ ካዝና ውስጥ ተቀምጠው ለቤተሰቡ ተመለሱ።

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሠሪው ወገኖች ሥራው የት እንዳለ አያውቁም ነበር። እዚህ ላይ ነው የሦስተኛው ነገር መጉደል ዋጋው የሚታየው። የፖስታው ትምህርት እጁን አሠለጠነው፤ «ድራም» ዓይኑን ከፈተው፤ ራሱ ጊዜ ሠረቀ። ሥራውን ተቀብሎ የሚያስቀምጥ፣ መዝግቦ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያሳይ፣ እርሱንም መምህር አድርጎ የሚቀጥር ቤት ግን አልነበረውም። በዚህ ምክንያት በአገሩ ያሉ ታናናሾቹ ለብዙ ዓመታት መጽሐፉን በድብቅ ካልሆነ በቀር ሊያዩት አልቻሉም፤ በእርሱ ትከሻ ላይ ቆመው ሊጀምሩ ሲገባቸው ብዙዎቹ ከባዶ ጀመሩ። ትምህርት ቤት የሌለው ሙያ በየትውልዱ እንደገና ይፈጠራል፤ ድካሙም በየትውልዱ ይደገማል።

የሚቀጥለው ትውልድ ከዚህ ተምሯል ለማለት ያስደፍራል። በ1982 ኦማር ባድሻ፣ ፖል ዋይንበርግና ጓደኞቻቸው አፍራፒክስ የተባለውን የፎቶ አንሺዎች ኅብረት መሠረቱ። አባላቱ ከተለያየ ዘር የተውጣጡ ነበሩ። ትግሉን ለዓለም ከማሳየት ጎን ለጎን አዳዲስ ፎቶ አንሺዎችን ያሠለጥኑና ምስሎቻቸውን በጋራ ያስቀምጡ ነበር። በ1985 ከተቀላቀሉት አንዱ የሶዌቶው ሳንቱ ሞፎኬንግ ነው። ሞፎኬንግ በጎዳና ላይ ሰዎችን በማንሣት ጀምሮ በጋዜጦች ጨለማ ክፍል ረዳት ሆኖ የሠራ ሰው ነበር። በ1986 ከሶዌቶ ወደ ጆሃንስበርግ በሚመላለሱ የሠራተኞች ባቡሮች ውስጥ የሚደረገውን ጸሎትና ዝማሬ አነሣ። ጥቁሩ ሠራተኛ ከሰልፍና ከጥይት ውጭም ሕይወት እንዳለው፣ መንፈሱም ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ እንደሆነ አሳየ።

ሞፎኬንግ በ1991 በኒው ዮርክ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ማዕከል የመማር ዕድል አገኘ። የገባበት ነፃ የትምህርት ዕድል በኧርነስት ኮል ስም የተሰየመ ነበር። ኮል በሕይወቱ ያልገባበትን በር ስሙ ለሌላ ሰው ከፈተው። ሞፎኬንግ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ተቋም በሠራባቸው ዓመታትም ከ1890 እስከ 1950 ባለው ጊዜ የተነሡ የጥቁር ቤተሰቦችን የስቱዲዮ ፎቶዎች ከየቤቱ እየሰበሰበ አጠና። ሰዎቹ እነማን እንደነበሩ፣ ለምን እንደዚያ ለብሰው እንደተነሡ ጠየቀ። ፎቶ አንሺ ወደ ተቋም ሲገባ ከማንሣት አልፎ መጠበቅንና መጠየቅን እንደሚማር ይህ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ማርኬት ፎቶ ዎርክሾፕ ነው። በ1989 ዴቪድ ጎልድብላት በጆሃንስበርግ ከማርኬት ቴአትር ጋር አያይዞ መሠረተው። ጎልድብላት ነጭ ሲሆን በአገሪቱ ከታወቁት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ነበር፤ ዓላማውም አፓርታይድ ከትምህርት ያገዳቸው ወጣቶች የፎቶግራፍን ሙያና ምስልን የማንበብ ችሎታ አብረው እንዲያገኙ ነበር። ጆዲ ቢበር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ተምራ በ2010 ባነሣችው ምስል የዓለም አቀፉን የፕሬስ ፎቶ ታላቁን ሽልማት አገኘች። የዛኔሌ ሙሆሊ ጉዞም የተለወጠውን ዘመን ያሳያል፦ በ2003 የዎርክሾፑ የከፍተኛ ፎቶግራፍ ትምህርት፣ በ2004 በጆሃንስበርግ የሥነ ጥበብ ጋለሪ የግል ትርኢት፣ በ2009 በቶሮንቶ ከተማ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ዎርክሾፑ፣ ጋለሪውና ዩኒቨርሲቲው ተያያዙ። ኮል በ1958 ሊያልመው የሚችለው መንገድ ይህ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መመለስ ይገባኛል። ከመከራ የተወለደው ፎቶግራፍ በኮሌጅ ከተማረው የበለጠ ኃይል አለው የሚሉ አሉ። ክርክሩ የሚያየው የተረፉትን ብቻ ነው። ከአንድ ኮል በስተጀርባ ፖስታው ያልደረሰው፣ ሻደበርግን ያላገኘ፣ ካሜራ የሚደብቅበት ከረጢት እንኳ ያልነበረው ስንት ወጣት እንደቀረ ታሪክ ሊቆጥር አይችልም፤ ፎቶ ስላላነሡ ዱካ አልተዉም። የተረፈውም ቢሆን ምን ያህል እንደከፈለ አይተናል። መከራ ጥበብን አልፈጠረም፤ ጥበበኞች መከራውን ተሸክመው ሠሩ። ሸክሙን ማቅለል የትምህርት ቤት ተግባር ነው።

በአገራችንም ሙያው ለረጅም ዘመን የተላለፈው በስቱዲዮና በቤተሰብ ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት የሠሩት የአርመናውያኑ የቦያጅያን ቤተሰብ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ የታወቀ ነው። የእኛ ታሪክ ከደቡብ አፍሪካው በእጅጉ ይለያል፤ የዘር ሕግ በር አልዘጋብንም። ሆኖም በሁለቱም አገሮች የሚነሣው ጥያቄ ይመሳሰላል፦ አንድ የስቱዲዮ ባለቤት ሲያርፍ በሣጥን የቀረው ኔጋቲቭ ወዴት ይሄዳል? የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ ፎቶዎቻችን የከተሞቻችን ታሪክ ናቸው። እነርሱን ሰብስቦ መመዝገብ ለአንድ ስቱዲዮ ከአቅም በላይ ነው፤ ለአንድ ኮሌጅ ግን የአንድ ክፍል ተማሪዎች ሥራ ሊሆን ይችላል።

ለተማሪዎች የምለው ይህ ነው። ፎቶግራፍ ለመማር ስትገቡ ከካሜራው ዓይነት በፊት ሦስቱን ጠይቁ። ሥራዬን አይቶ እውነቱን የሚነግረኝ ማን ነው? አንድን ጉዳይ በትዕግሥት የምከታተልበት ጊዜ አለኝ? ስመረቅ ሥራዬ የት ይቀመጣል? ለመምህራን ባልደረቦቼ የምለው ደግሞ፣ የፎቶግራፍ ትምህርት ስናቅድ ከመማሪያው ክፍል ጋር የማኅደሩን ክፍል አብረን እንሥራ። የተማሪ ኔጋቲቭም ሆነ ፋይል ስም፣ ቦታና ቀን ተጽፎለት የሚቀመጥበት መደርደሪያ ይኑር። ወጪው ከአንድ ጥሩ ካሜራ ዋጋ አይበልጥም፤ የኮል ታሪክ እንደሚመሰክረው ግን መጥፋቱ የሚያስከትለው ኪሣራ በገንዘብ አይተመንም።